ቀምሳችሁ ስጡን!

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠን ተዋሸን። መዋሸቱስ ባልከፋ። ሂሳቡን ከፍለን፣ ጉርሻ ጨምረን፣ አመስግነን ወጣን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለን። (እሺ፣ ተኝተናል። ግን ቆጨን።) ስለዚህ ዛሬ የአገሩን ትልልቅ ጉዳይ ለሌሎቹ ዓምደኞች ትተን ስለ አንድ ጠርሙስ ቢራ ልንጣላ መጥተናል። መሳቅ ይቻላል። ስትጨርሱ እንነጋገራለን።

(21 ዓመት ያልሞላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ በአምቦ ውሃ አወራርዱት። ሕጉም እንደዚያው ነው የሚለው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራታችን የአንዱ ልደት ነበር። ሁልጊዜ የምንገለብጠውን ጃምቦ ለዛሬ እንለፈውና ያን ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳውን «አይፒኤ» እንቅመስ ተባባልን። አይፒኤ «ኢንዲያ ፔል ኤል» ለሚባለው የቢራ ዓይነት ማሳጠሪያ ነው። አንዱ ጠርሙስ የአምስት ጃምቦ ዋጋ ነው። አራት ሰው፣ አራት ጠርሙስ። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ እኛ ስንሠራው ያመናል።

አስተናጋጁ አረንጓዴ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ሲያበቃ ለሁለቱ ወንዶች ቀዳ። ከዚያ እኛን ሁለታችንን ሴቶቹን ዞር ብሎ አየንና «እህቶቼ፣ ይሄ ይመራችኋል፤ ጣፈጥ ያለ ነገር ላምጣላችሁ?» አለን። በትህትና ነው ያለው፤ አንዋሽም። እኛም በትህትና ጠርሙሱን ተቀበልነው። የዚህን አባባል መልስ ወደ ኋላ እናመጣዋለን፤ አልረሳነውም።

ቀመስን። ባለ ልደቱ ዓይኑን ጨፍኖ «ዋው» አለ። ሁለተኛው «ለየት ይላል» አለ። የዚህች ጽሑፍ ጸሐፊም፣ ዲግሪ ይዛ፣ አራት ዓመት «እውነትን ፈልጊ» ተብላ ተምራ፣ «አሪፍ ነው» አለች። ስልክ ወጣ፤ ፎቶ ተነሳ፤ ፎቶው ሥር የሚጻፈው ሙገሳ ከሁለተኛው ጉንጭ በፊት ተጻፈ። ያኔ አራተኛዋ ጓደኛችን ብርጭቆውን አስቀምጣ በቀስታ እንዲህ አለች፦ «ይሄ እኮ የረጠበ ካርቶን ካርቶን ይላል።»

ጸጥ አልን። ደግመን ቀመስን። ካርቶን! ዝናብ የመታው የቴሌቪዥን ካርቶን። ከሥሩ ደግሞ ስሙን የማናውቀው፣ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ። ሦስታችንም ከመጀመሪያው ቀምሰነዋል እኮ! ምላሳችን ነግሮናል። እኛ ነን ምላሳችንን ዝም በል ያልነው። ለምን? ጠርሙሱ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ስላለ፣ ዋጋው ስለከበደ፣ «ፋራ» ላለመባል።

አስተናጋጁን ጠራነው፤ አስተናጋጁ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ጎልመስ ያለ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ እንደ አባት ተቀመጠና እንዲህ አለን፦ «ልጆች፣ አይፒኤ ማለት እንዲህ ነው። ካልለመዳችሁት አይገባችሁም። ደግሞ ይሄ እንግሊዞች በመርከብ ህንድ ድረስ ይልኩት የነበረ ቢራ ነው። ስድስት ወር ባሕር ላይ ከርሞ ያልተበላሸ ቢራ እዚህ መደርደሪያ ላይ ይበላሻል?»

እውነት እንናገር፤ አፋችን ተያዘ። ክርክሩ ያምራል። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት» ብለን ከፍለን ወጣን። ያን ማታ ያጣነውን መልስ እነሆ አሁን ይዘን መጥተናል። ጋሼ ያነቡታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከህንዱ ጉዞ እንጀምር። ታሪኩ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ መጨረሻ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ቦው በሚባል ሰፈር ጆርጅ ሆጅሰን የሚባል ጠማቂ ነበር። ቤቱ ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከቦች መቆሚያ ቅርብ ነው። የመርከቦቹ አዛዦች በግላቸው ይነግዱ ነበርና ከእሱ ቢራ እየጫኑ ህንድ ላሉ እንግሊዞች ይሸጡ ጀመር። ከእሱ ለምን ገዙ ብትሉ፣ ለጉዞ የሚሆን ተአምረኛ ቢራ ስለፈለሰፈ አይደለም። ቅርብ ስለሆነና እስከ 18 ወር ድረስ በዱቤ ስለሚሰጥ ነው። የቢራ ታሪክ ጸሐፊው ማርቲን ኮርኔል የዘመኑን ሰነዶች አገላብጦ «ሆጅሰን ለህንድ ብሎ ፈለሰፈው» የሚለው ወሬ ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራም በዚያው መንገድ ህንድ ይደርስ ነበር። ወደ ሞቃት አገር ለሚሄድ ቢራ ሆፕ መጨመርም ከሆጅሰን ዝና በፊት የታወቀ ምክር ነው።

በ1820ዎቹ ደግሞ በርተን ከሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ኦልሶፕና ባስ የተባሉት ጠማቂዎች ገቡበት። የበርተን ውሃ በተፈጥሮው የጂፕሰም ማዕድን የበዛበት ነው፤ የሆፑን ምሬት ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ቢራው ስሙን ያገኘውም ዘግይቶ ነው፤ «ኢስት ኢንዲያ ፔል ኤል» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1829 ሲድኒ ውስጥ በወጣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ይገኛል። ስሙ ራሱ የማስታወቂያ ልጅ ነው ብንል አላጋነንም።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። ያ ቢራ ስድስት ወር ባሕር ላይ ከርሞ እንዴት አልተበላሸም? መጀመሪያ ነገር፣ የሚሄደው በእንጨት በርሜል፣ በጨለማው የመርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ እንዲበስል ተብሎ የተጠመቀ ነው፤ አገሩ ቢቀር ራሱ ብዙ ወራት በርሜል ውስጥ የሚከርም ዓይነት ነበር። ሦስተኛ፣ የዚያን ዘመን ጠጪ የሚጠብቀው ጣዕም ሌላ ነው። እኛ ፊት የተደረደረው አረንጓዴ ጠርሙስ ግን የሆጅሰን ልጅ አይደለም፤ ስሙን የወረሰ የሩቅ ዘመድ ነው።

ይኼኛው አይፒኤ የተወለደው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 «ካስኬድ» የተባለ አዲስ የሆፕ ዝርያ ለገበሬ ቀረበ። በ1975 ሳን ፍራንሲስኮ ይገኝ የነበረው አንከር ቢራ ፋብሪካ በዚሁ ካስኬድ «ሊበርቲ ኤል» የሚባለውን ቢራ ጠመቀ። የግሬፕፍሩት ልጣጭ የሚሸት ቢራ! ዛሬ በዓለም ላይ አይፒኤ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የዚያ መንገድ ተከታይ ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ እንንገር። ቢራ አራት ነገር ነው፤ ውሃ፣ ብቅል፣ እርሾ፣ ሆፕ። ሆፕን የፈረንጅ ጌሾ በሉት። ተክሉ ሌላ ነው፤ ሥራው ግን አንድ ነው፤ የብቅሉን ጣፋጭነት በምሬት ያመጣጥናል። ሆፑ ሲፈላ ምሬቱን ይሰጣል፤ ሽታው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አይፒኤ የሚጠምቅ ሰው ሌላ ሆፕ ለመጨረሻ ያስቀምጣል፤ እሳቱ ሲጠፋ ይጨምራል፣ ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላም ዳግመኛ ይጨምራል። ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚያ መጨረሻ ላይ ለገባው ሆፕ ሽታ ነው።

ያ ሽታ ደግሞ ያረጃል። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ዓምና ተቆልቶ፣ ዓምና ተወቅጦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ቡና አፍልታችሁ ለእንግዳ ታቀርባላችሁ? እንግዳው «ምነው ይሄ ቡና?» ቢል «ቡና ከከፋ ተነስቶ ስንት አገር የዞረ ነው፤ አልለመድከውም እንጂ እንዲህ ነው» ትሉታላችሁ? ጋሼ ያደረጉን ይህንኑ ነው።

አይፒኤ የሚጠምቁት ሰዎች ራሳቸው ይህን አልደበቁም። ካሊፎርኒያ ያለው ስቶን ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ አይፒኤ አወጣ። የቢራው ስም «እስከዚህ ቀን ድረስ ጠጡት» የሚል ነው፤ ቀኑ ስሙ ውስጥ በትልቁ ተጽፏል። ጊዜውም ከተጠመቀ አምስት ሳምንት ገደማ ነው። የሠራው ሰው «ቶሎ ጠጡልኝ» ብሎ እየለመነ የሚሸጠው ሰው «ይህ ነገር አይበላሽም» ሲል ማንን እንመን?

ሙቀት ደግሞ አለ። ጠማቂዎች በግምት የሚጠቀሙበት አንድ ልማድ አላቸው፤ ቢራ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ በ3 ቀን የሚያረጀውን ያህል 22 ዲግሪ ላይ በ30 ቀን፣ 3 ዲግሪ ላይ በ300 ቀን ያረጃል ይላሉ። ግምት ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። እንግዲህ ያ ጠርሙስ ጂቡቲ ወደብ ላይ በኮንቴይነር ውስጥ የጠበቀውን ቀን፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የተቀመጠውን ቀን፣ አስመጪው መጋዘን የከረመውን ጊዜ አስቡት። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኛ በሄድንበት ቤት መስኮት ላይ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት እንደ ጌጥ ተደርድሮ አገኘነው። አረንጓዴ ጠርሙስ ብርሃንን እንደ ቡናማው አይከላከልም። ብርሃን ሆፑ የሰጠውን መራራ ነገር ሲመታው የድኝ ዝምድና ያለው ኬሚካል ይፈጠራል። አሜሪካኖች ሽታውን «ስከንክ» ከሚባለው፣ ሲቆጣ ክፉ ጠረን ከሚረጭ አውሬያቸው ጋር ያመሳስሉታል። እኛ አውሬውን ስለማናውቀው የተቃጠለ ጎማ አልነው። ካርቶኑ ደግሞ የእርጅና ምልክት ነው፤ ኦክስጅን ቀስ በቀስ ቢራውን ሲበላው የሚመጣ ጣዕም ነው። ሁለቱም በቢራ ዳኞች መማሪያ ውስጥ ስም ያላቸው እንከኖች ናቸው። ጓደኛችን ማንም ሳያስተምራት በአንድ ጉንጭ ሁለቱንም አገኘቻቸው።

ዳኞች ካልን ዘንድ፣ እንፍረድ። አሜሪካ ውስጥ ቢጄሲፒ የሚባል የቢራ ዳኞችን የሚያሠለጥንና የሚፈትን ድርጅት አለ። የነጥብ አሰጣጡ ከ50 ነው፤ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት 5፣ ጠቅላላ ግምት 10። ጋሼ «አይገባችሁም» ስላሉን፣ በሚገባቸው ሰዎች መለኪያ እንለካው።

ሽታ፦ ከ12 ሁለት ሰጠነው። የትርንጎ ልጣጭ፣ የጥድ፣ የማንጎ ሽታ መምጣት ነበረበት። የመጣው ካርቶንና ጎማ ነው። ሁለቱ ነጥብ ከታች በኩል ትንሽ ስለተረፈው የብቅል ጠረን ነው።

መልክ፦ ከ3 ሁለት። ቀለሙ ወርቃማ፣ ጥርት ያለ ነው። አረፋው ግን ፎቶ እስክናነሳ እንኳን አልጠበቀንም።

ጣዕም፦ ከ20 ስድስት። የአሜሪካ አይፒኤ መራራ ነው፤ ምሬት ስለሆነ አልቀነስንበትም። እንዲያውም ምሬቱ ንጹሕ ሆኖ መጥቶ ንጹሕ ሆኖ መሄድ ነበረበት። ይኼኛው ግን መጀመሪያ የደረቀ ማር የመሰለ ጣፋጭነት ያመጣና ከዚያ ምላስ ሥር ተቀምጦ ይቧጥጣል። ለሊቱን ሙሉ አልለቀቀንም።

የአፍ ስሜት፦ ከ5 ሦስት። ጋዙ ደህና ነው። ለሚገባው ምስጋና አንነፍግም።

ጠቅላላ፦ ከ10 ሦስት። ሁለተኛ ጠርሙስ ታዝዛላችሁ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይ ነው።

ድምር 16 ከ50። 32 በመቶ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ 50 በመቶ ካላመጣ ዩኒቨርሲቲ አይገባም የሚለው ሕግ ከ2014 ዓ.ም ፈተና ጀምሮ ሲሠራባት በኖረች አገር፣ 32 በመቶ ያመጣ ቢራ «ዋው» ተብሎ አለፈ። ያሳለፍነው ፈታኞች ደግሞ እኛ ነን።

«ምናልባት እናንተ መራራ አትወዱ ይሆናል» የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛም ጠይቀነዋል። በዚያው ሳምንት ከዋሽንግተን ዲሲ የመጣች የአንዳችን የአክስት ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ በካልሲ የጠቀለለቻቸው ሁለት ጣሳ አይፒኤ ነበሩ። የጣሳው ታች ላይ የታሸገበት ቀን ተጽፏል፤ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አቀዘቀዝነው፤ ለአራት ተካፈልነው። እናንተዬ! ክፍሉ ውስጥ ብርቱካን የተላጠ ነው የመሰለው። መራራ ነው፤ ያውም ከቦሌው የበለጠ። ግን ምሬቱ እንደ ጥሩ ቡና ነው፤ ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይሄዳል። ባለ ልደቱ በዚህ ጊዜ «ዋው» አላለም። ዝም ብሎ ጠጣ። እውነተኛው «ዋው» ያ ነበር።

ስለዚህ አፋችን ጤነኛ ነው። የታመመው ሌላ ነገር ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚሰጡን አምስት ጥያቄዎች ነበሩ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። በዚያ ቅዳሜ ማታ ማን እንደጠመቀው አነበብን። ምን እንደሆነ አነበብን። የት እንደተሠራ አነበብን፤ እንዲያውም ያኮራን እሱ ነው። «መቼ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ቤት ይዘነው የመጣነውን ባዶ ጠርሙስ በማግሥቱ አየነው። አንገቱ ላይ የአስመጪው ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። በሙቅ ውሃ ላጥነው። ከሥሩ የታሸገበት ቀን አለ። አሥራ አራት ወር! ወረቀቱ ቀኑ ላይ ያረፈው በአጋጣሚ ነው ወይስ በብልሃት የሚለውን ለእናንተ ትተናል። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ በአጋጣሚም ይሁን በብልሃት፣ የከፈለ ሰው «መቼ» የማወቅ መብት አለው።

አሁን ያስቀመጥነውን «ይመራችኋል» እናውጣው።

ካርቶኑን ያገኘችው ጓደኛችን አያቷ ደብረ ማርቆስ ጠላ ጠምቀው፣ ሸጠው፣ ልጅ አሳድገዋል። ደጃፋቸው ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ የተደፋበት ቤት ነበር። እሷም ልጅ ሆና ጌሾ ስትወቅጥ፣ አሻሮ ሲቆላ ጭሱ ሲያስነጥሳት፣ ድፍድፉ ሲገላበጥ ስታይ ነው ያደገችው። ምላሷ የተማረው እዚያ ነው። ጌሾው በዛ፣ ብቅሉ አነሰ፣ ጋኑ በደንብ አልታጠነም፣ ጠላው ሊሆመጥጥ ነው የሚሉት ዳኝነቶች ሁሉ በዚህ አገር በሴት አፍ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ምሬትን ከእነዚህ ሴቶች የበለጠ ማን ያውቃል? እንግሊዝም ቢሆን ፋብሪካ ሳይመጣ በፊት ቢራ በየቤቱ የሚጠምቁት በብዛት ሴቶች ነበሩ። እንግዲህ ወንድማችን አስተናጋጅ፣ «ይመራችኋል» ያልካት ልጅ ከዚያ ቤት ሁሉ በላይ ስለ መራራ የምታውቅ ሰው ነበረች።

እንዲያውም ከዚያ ጠላ ቤት አንድ ነገር ተበድረን እንሂድ። የጠላ ባለቤት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ምን ታደርጋለች? መጀመሪያ ራሷ ቀድታ ትቀምሳለች። እንግዳው ፊት። «ይህ ነገር ጤነኛ ነው፤ እኔም ጠጥቼዋለሁ» ማለቷ ነው። ጥራትን የሚያረጋግጥ ማኅተም የለ፣ ወረቀት የለ፣ ቢሮ የለ። ኃላፊነት ግን አለ። ከመጠጡ ጀርባ የቆመ ሰው አለ። ጠላው ቢበላሽ «አልለመዳችሁትም» አትልም፤ ታፍራለች። ነገም የምትሸጠው ለዚያው ሰፈር ነውና።

ቦሌ ላይ የጠፋው ይህ ነው። አስተናጋጁ አልቀመሰውም፤ ውድ ነው። ኃላፊው አልቀመሱትም፤ ቢቀምሱት ኖሮ ያን ንግግር ባላደረጉ። አስመጪው አልቀመሰውም፤ እሱ የሚያየው ኮንቴይነር ነው። የመጀመሪያ ቀማሾቹ እኛ ነበርን፤ እኛም ቀምሰን ዋሸን። ከፋብሪካው በር እስከ ልደት ጠረጴዛ ድረስ ባለው መንገድ ላይ አንድ እንኳን እውነተኛ ምላስ አልተገኘም፤ የመጨረሻዋ አራተኛ ወንበር ላይ እስክትደርሱ ድረስ።

«አገር በስንት ነገር ተወጥራ እናንተ ስለ አምስት ጃምቦ ዋጋ ቢራ ታወራላችሁ?» የሚለውን አስተያየት ገና ሳትጽፉት አንብበነዋል። መልሳችን አጭር ነው። ቢራውን ተዉትና ነገሩን እዩት። ጊዜው ያለፈበት ነገር በአዲስ ወረቀት ተሸፍኖ ይመጣል። ስትጠይቅ «ይህ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ አይገባህም» ትባላለህ። ታፍራለህ። ትከፍላለህ። ከዚያ ፎቶ አንስተህ ታመሰግናለህ። ይህ ነገር የሚደርሰው ቢራ ቤት ብቻ ነው የሚል ሰው እጁን ያውጣ። መድኃኒትስ? የልጅ ወተትስ? «መቼ?» ብሎ መጠየቅን በቢራ ያልተለማመደ ሰው፣ ሲጨንቀውና ሲቸኩል ፋርማሲ መስኮት ላይ ይጠይቃል ብላችሁ ነው?

«ሰው ለፍቶ የከፈተውን ቤት ስም አታጥፉ» የሚልም አለ። ስም አልጠራንም፤ አንጠራምም። ቤቱ ያምራል፣ ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ጥብሱ እጅ ያስቆረጥማል። ለዚህ ነው የምንጽፈው። የምንጠላው ቤት ቢሆን ዝም ብለን ሌላ ቤት እንሄድ ነበር።

እና አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ስንወጣ ኃላፊው በር ላይ ደርሰውብን «እናንተ እኮ ጻፊዎች ናችሁ አሉኝ። በሚቀጥለው ስትመጡ መጠጡ በእኔ ነው፤ ቆንጆ አድርጋችሁ ጻፉልን» አሉን። ክፋት የላቸውም፤ እንዲህ ነው የሚሠራው ብለው ነው። ችግሩም እሱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣው ወዲህ ሙገሳው ሄዶ ሄዶ የእኛ ስልክ ውስጥ ገባ። ነጻ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «ዋው» ይጻፋል። ያን ማታ በገዛ ገንዘባችን እንኳን ዋሽተናል። በነጻ ቢሰጠን ኖሮ ምን ልንል እንደምንችል ስናስብ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለን። ስለዚህ ጋሼ፣ ግብዣዎ ይቆየን። ያችን ሙገሳ ከነፎቶዋ በማግሥቱ አንስተናታል፤ በቦታዋ ይህ ጽሑፍ ይቀመጥልን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የታሸገበትን ቀን አትሸፍኑብን። ቢራውን ከመስኮቱ አውርዱት፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፤ ለጌጥ ባዶ ጠርሙስ ይበቃል። የተበላሸ ሲገኝ ለውጡልን፤ ባትለውጡልን እንኳን ጥፋቱን ወደ አፋችን አታዙሩብን። ያረጀውን በርካሽ ሽጡት፤ «ያረጀ ነው» ብላችሁ። የሚገዛ አይጠፋም። እኛም ወር መጨረሻ ላይ እንገዛ ይሆናል።

ከእናንተ፣ ከአንባቢዎቻችን የምንጠይቀው ደግሞ ይህን ብቻ ነው። አዲስ ነገር ቅመሱ፤ አትፍሩ። ጥሩ አይፒኤ ጥሩ ነገር ነው፤ መስክረናል። ግን ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ቀኑን ፈልጉ። ብርጭቆውን አሽትቱት። ምላሳችሁ የነገራችሁን መጀመሪያ ለራሳችሁ አምኑ፤ ፎቶው ይደርሳል። ጠረጴዛችሁ ላይ «ይሄ እኮ ካርቶን ካርቶን ይላል» የምትል ጓደኛ ካለች ደግሞ ጠብቋት፤ አትሳቁባት። ሂሳቡንም እሷ እንዳትከፍል።

እኛ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቤት እንሄዳለን። ጃምቦ እናዛለን። ሂሳባችንን እንከፍላለን። አስተናጋጁ አረንጓዴውን ጠርሙስ ይዞ ከመጣ በትህትና አንድ ነገር ብቻ እንለዋለን፦

ወንድም፣ መጀመሪያ አንተ ቅመሰው።

ቸር እንሰንብት።